እማማ ያስታረቋቸው ዓሦች

በኛ አገር ሰው ከሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «የየት አገር ሰው ነህ?» ጠያቂው ክፋት የለውም። መልሱን ሲሰማ «አሃ!» ይላል፤ የምን «አሃ» እንደሆነ ግን አይነግርህም። እኔን ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። አባቴ የመንዝ ሰው ነው፤ እናቴ የአርሲ ልጅ ናት፤ የተወለድኩት ሞጆ፣ ያደግሁት ናዝሬት። በአጭሩ ልመልስ ብል እዋሻለሁ፤ በረጅሙ ልመልስ ብል ጠያቂው አውቶቡስ ያመልጠዋል። ስለዚህ «እዚሁ ነኝ» ብዬ እገላገላለሁ። «እዚሁ» ጥሩ አገር ነው። ሰፊ ነው፤ ወሰኑንም ማንም አይጠይቅም።

ይህ ጣጣ የሰው ልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዓሣም እንደሚጠየቅ ያወቅሁት በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ስሠራ ነው።

ከቤታችን ሁለት አጥር አለፍ ብሎ አንድ ጀርመናዊ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ዶክተር ክላውስ እንለዋለን። የዝዋይንና የቆቃን ዓሦች ለማጥናት ከምሥራቅ ጀርመን የተላከ ባለሙያ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያቃጠለው አፍንጫ ያለው ሰው። የእሱ እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። በዚህ ምክንያት አንድም ቀን ሳንግባባ ቀርተን አናውቅም።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጠራኝና ሳሎን ውስጥ ሁለት ትልልቅ የመስታወት ሣጥኖች አሳየኝ። ውኃ የተሞሉ ናቸው፤ በውስጣቸው ጣት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ሲክሊድ ይባላሉ፣ የእናንተው ቆሮሶ የሥጋ ዘመድ ናቸው አለኝ። ቆሮሶን እኔ የማውቀው ዝዋይ ላይ፣ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ነው። እንዲህ ያለ መልከ መልካም ዘመድ እንዳለው ግን አንድም ቀን አልነገረኝም።

በየሣጥኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አንደኛው «ማላዊ ሐይቅ፣ ምሥራቅ ዳር» ይላል፤ ሁለተኛው «ማላዊ ሐይቅ፣ ምዕራብ ዳር»። ዓሦቹ ዘራቸው አንድ ነው፤ ሐይቁም አንድ ነው። ልዩነቱ የምሥራቅ ዳሩ ወንድ ሰማያዊ፣ የምዕራብ ዳሩ ወንድ ብጫ መሆኑ ብቻ ነው። ሴቶቹ ግን ከየትኛውም ዳር ይምጡ አመድማ ናቸው፤ አንዷን ከሌላዋ የሚለይ ዓይን አልተፈጠረም። ይህችን ነገር ያዙልኝ። መከራዬ ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ከማላዊ አንተ ነህ ያመጣሃቸው? ብዬ ጠየቅሁት። አይደለም አለኝ፤ የተወለዱት ላይፕዚግ ከተማ፣ እቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ወላጆቻቸውም እዚያው። አያቶቻቸውም እዚያው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ሦስት ትውልድ ሙሉ ጀርመን ምድር ቤት የተወለደ ዓሣ አሁንም አገሩ ሲጠየቅ «ምዕራብ ዳር» ሊባል ነው! ይህንን ስነግረው በጣም ኮስተር አለ። የዓሣ ወረቀቱ ክብሩ ነው አለኝ፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ወይም ከሌላ ዳር ጋር የተዳቀለ ዓሣ ለአሳዳጊዎች ዋጋ የለውም፤ እነዚህን ሁለት ወገኖች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቀላቀሉ ጠብቋቸዋል።

ምሥራቅና ምዕራብ እንዳይገናኙ በመካከላቸው ግድግዳ አቁሞ የሚጠብቀው ሰው ከምሥራቅ ጀርመን መሆኑን ልብ በሉልኝ። እኔ ያን ጊዜም ልብ ብዬው ነበር፤ ግን ዘመኑ ልብ ብሎ ዝም የሚባልበት ነበር።

ለካ የጠራኝ በነጻ ሊያስጎበኘኝ አልነበረም። ለአንድ ዓመት ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ዓሦቹን አደራ የሚሰጠው ሰው አጥቷል። ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለህ? አለኝ። እውነት ነው፤ ዓሣን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ አለ፤ አይራቡ፣ አይቀላቀሉ። እጁን ጨብጬ ቃል ገባሁ። ያን ቀን ሰውየው የእጄን መዳፍ አጥብቆ ሲይዝ ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ነገር ልጁን አዳሪ ትምህርት ቤት ጥሎ የሚሄድ አባት ዓይን ውስጥ የማየው ዓይነት ነበር።

ሣጥኖቹ በጋሪ ተጭነው እኛ ቤት ገቡ። ባለቤቴ ዘነበች ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ንጽሕና ትወዳለች፤ እንግዳ ግን ቀድሞ ሲነገራት ነው የምትወደው። ዶክተሩ በጻፈልኝ መመሪያ መሠረት ዓሦቹ በሳምንት ሁለት ቀን የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ይበላሉ። ዘነበች መመሪያውን አንብባ ስትጨርስ፣ «ጥሩ ነው፤ አስኳሉን እነሱ፣ ሽሮውን እኛ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ግን ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ለሰማያዊው ዓሣ እንቁላል ስትፈረፍርለት ደረስኩባት።

እስከ ክረምት ድረስ ቃሌን ጠበቅሁ። ክረምት ሲገባ ግን መምህራን ለአንድ ወር ሴሚናር አሰላ ተጠራን። እኔ በሁሩታ በኩል ወደ አሰላ ስወጣ፣ አማቴ እማማ የሺ ከሁሩታ አንድ ኩንታል ስንዴ አስጭነው ወደ ናዝሬት ይወርዱ ነበር፤ ዘነበች ብቻዋን እንዳትሆን ብለው። መንገድ ላይ ተላልፈን ይሆናል። ባውቅ ኖሮ ከአውቶቡስ ወርጄ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።

ስለ እማማ የሺ ትንሽ ልንገራችሁ። እማማ አስታራቂ ናቸው። ሁሩታ ውስጥ ተጣልቶ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። የወሰን ጠብ ቢሆን፣ የውርስ ጠብ ቢሆን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መሀል ገብተው ሳያጨባብጡ አይወጡም። የተኳረፈ ሰው አጠገብ እህል አይወርድላቸውም። እንግዲህ እኒህ ሴት እኛ ቤት ሲገቡ ምን እንዳዩ አስቡት። በሁለት መስታወት ተለያይተው፣ ቀኑን ሙሉ አፍ ለአፍ ገጥመው የሚተያዩ ዓሦች!

ዓሦቹ የሚተያዩት በጠብ ነው። ወንድ ሲክሊድ ሌላ ወንድ በመስታወት አሻግሮ ካየ ክንፉን ነፍቶ ይፎክርበታል። እማማ ግን ይህንን በሌላ መንገድ ነው የተረጎሙት።

ከአሰላ በተመለስኩ ቀን ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሁለተኛውን ሣጥን ነው። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው፤ «ማላዊ ሐይቅ፣ ምዕራብ ዳር»። ውስጡ ግን እስከ አፉ ድረስ ስንዴ። የሁሩታ ስንዴ፣ ተለቅሞ፣ ተነፍቶ፣ ጥርት ያለ። ወደ መጀመሪያው ሣጥን ዞርኩ። ምሥራቅ ዳር የገበያ ቀን መስሏል፤ ሰማያዊው፣ ብጫው፣ አመድማው፣ ሁሉም እዚያው ይተራመሳል።

«እማማ! ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«አስታረቅኋቸው» አሉ እማማ፣ ፊታቸው በደስታ እያበራ። «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ልጄ? ዘመድ ከዘመድ ለይታችሁ በመስታወት! እህል እየበሉ እንኳ ዓይን ዓይናቸውን ሲተያዩ አንጀቴ ቢንሰፈሰፍ አንድ ቀን ውኃ ልቀይርላቸው ብዬ ሁሉንም በአንድ ሳፋ አደረግኋቸው። መጀመሪያ ትንሽ ተጋጩ። ሰው እንኳ ሲታረቅ ይነታረካል። ከዚያ በኋላማ በፍቅር ነው።»

ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስመለስ አልቆ ነው ያገኘሁት አለችኝ። ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ የእማማን ፊት አይቼ መልሼ ዘጋሁት። አማቱን የተቆጣ ሰው ማን አስታርቆት ሊያድር ነው? አስታራቂዋ ራሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ለመለየት ተነሣሁ። ወንዶቹ ቀላል ነበሩ፤ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ብጫ። ስንዴው ተገልብጦ ብጫዎቹ ወደ ምዕራብ ዳራቸው ተመለሱ። ሴቶቹ ግን አሥራ አንድ ናቸው፤ አሥራ አንዱም አመድማ። ከሰዓት በፊቱን በሙሉ መነጽር አድርጌ አፈጠጥኩባቸው። እነሱም አፈጠጡብኝ። ከዚያ አንዷን ሳይ ጉንጯ አብጧል። ሌላዋንም ሳይ እንደዚያው።

እማማም አይተዋቸው ኖሯል። እንጥላቸው ወርዶ ነው፣ ምግብም ካቆሙ ሳምንት ሆናቸው፣ ጤና አዳም እንቀጥቅጥላቸው አሉ። እኔ ግን የመጻሕፍቴን ነገር አስታውሼ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ይህች ዓሣ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ ነው የምትፈለፍለው። የታቀፈችው የማንን ልጅ እንደሆነ ደግሞ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ አፏም ሞልቷል።

ከጥቂት ቀን በኋላ በአንድ እሑድ ጠዋት እማማ ከሳሎን እልልታቸውን አቀለጡት። ሮጠን ስንደርስ አንዷ እናት አፏን ከፍታ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ግልገሎቿን አንድ በአንድ ትተፋለች። እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «በአፏ! በአፏ ወለደች! እናት ማለት እንዲህ ናት» ይላሉ። ጎረቤት ተጠራራ። ዘነበች የእሑድ ተረኛ ነበረች፤ ሥራ አረፈደች። እኔም አለቀልኝ እያልኩ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ግልገሎቹ አደጉ። ከወራት በኋላ ወንዶቹ ቀለም ማውጣት ጀመሩ። አካላቸው ሰማያዊ፣ ግንባራቸውና ክንፋቸው ብጫ፤ ፀሐይ ሲነካቸው አረንጓዴ የሚመስል ነገር ይፈነጥቃሉ። ከአባቶቻቸው ይልቅ ያምራሉ። ባማሩ ቁጥር እኔ እከሳለሁ። ዶክተር ክላውስ የሚመለስበት ጊዜ ደርሷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘነበች ሳታየኝ ግልገሎቹን መለየት ጀመርኩ። ሰማያዊ የሚበዛበትን ወደ ምሥራቅ፣ ብጫ የሚበዛበትን ወደ ምዕራብ። ማን ያውቅብኛል? ወረቀት አለ፣ ሣጥን አለ፣ ቀለሙም ከሩቅ ይቀራረባል። ዘነበች ለካ ከኋላዬ ቆማለች።

«ታደሰ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሌላ ውሸት ቢሆን ዋሽተህ ትረሳዋለህ። ይሄኛው ግን እንቁላል የሚጥል ውሸት ነው። ሰውየው አገሩ ወስዶ ያራባዋል።»

መረቤን አስቀመጥኩ። ሴት ልጅ ነርስ ስትሆን መርፌዋን የት እንደምትወጋ ታውቃለች።

ዶክተሩ የመጣ ዕለት በእንግሊዝኛ የኑዛዜ ንግግር በቃሌ አጥንቼ ነበር። «እጅግ ባዝንም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ገና «እጅግ» ስል እማማ፣ የፋሲካን በዓል ሊያሳልፉ መጥተው ነበር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ንገረው፣ አስታርቄልሃለሁ በለው» አሉኝ። በዚያች ደቂቃ አስተርጓሚ መሆን ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ገባኝ። «እንኳን ደህና መጣህ ይላሉ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ዘነበች እያየችኝ ነው። እንዳሉት ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ሳፋውን፣ ስንዴውን፣ እርቁን፣ ሁሉንም።

ዶክተር ክላውስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ፤ እንደገና አወለቀ። ከዚያ ሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ልጅ ሆኖ የማላዊን ሐይቅ በመጽሐፍ አይቶ ነበር፤ ሄዶ የማየት ፈቃድ ግን በዕድሜው ሙሉ አላገኘም። ሐይቁን የሚያውቀው በእነዚያ ሁለት ወረቀቶች ብቻ ነው። ማታ ማታ ምድር ቤቱ ወርዶ «ምሥራቅ ዳር፣ ምዕራብ ዳር» ብሎ ሲያነብ የሄደ ያህል ይሰማው ነበር።

ይህንን ለእማማ ስተረጉምላቸው ጠጋ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ፤ አገሩን ያላየ ሰው ብዙ ነው። ደግሞ እነዚህን እያቸው እስቲ፤ ያስከፋሉ?»

አየ። አንዱ ሰማያዊና ብጫ ጎረምሳ ልክ በዚያች ደቂቃ መስታወቱ ጋ መጥቶ ክንፉን ዘረጋለት። ሰውየው ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። ከዚያ ሁለቱንም ወረቀት ልጦ ጣለና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ወረቀት ማለት እውነት መናገር አለበት አለኝ፤ የእነዚህ ልጆች አባት ማን እንደሆነ አናውቅም፣ እናታቸውም ከየት ዳር እንደሆነች አናውቅም፤ በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብሎ በንጹሕ ወረቀት ላይ አንዲት ቃል ጻፈ፤ «ናዝሬት»።

ሥራው አልቆ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገሩ ሲሄድ ሃያ ያህል ግልገሎች በላስቲክ ከረጢት፣ ከረጢቱንም በሹራብ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ወላጆቹንና የቀሩትን ግልገሎች ለኛ ተወልን።

እዚህ ላይ ታሪኩ አልቆ ቢሆን እኔም ባላወራሁት። እውነት የተጻፈበት ወረቀት ምን ጉዳት ያመጣል? እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ልብሴን ስለብስ የቀበሌ ጥበቃ በሩን መታ። ሊቀመንበሩ ይፈልጉሃል፣ አሁኑኑ። በዚያ ዘመን «አሁኑኑ» የሚለው ቃል ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የኖረበት ያውቃል። ዘነበች ብርድ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቱሉ ጠረጴዛቸው ላይ የተከፈተ ደብዳቤ ዘርግተው ጠበቁኝ። ሌላ ቀን «አካም ቡልታን፣ መምህር» ብለው እጄን ካልጨበጡ የማይለቁኝ ሰው፣ ያን ቀን ቀና ብለውም አላዩኝ። ደብዳቤው ከውጭ አገር በስሜ የመጣ ነው። ከበላይ ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ነው የደረሳቸው።

«የናዝሬት ሐይቅ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ናዝሬት ሐይቅ የላትም።»

«አትዋሽ!» ጠረጴዛውን መቱት። «ይኸው ተጽፏል። የጻፈው ፈረንጅ ነው። ‹የናዝሬት ሐይቅ ጥልቀቱ ስንት ነው? ዳርቻው ድንጋይ ነው አሸዋ? በየትኛው ዳር በኩል መግባት ይቀላል?› ይላል። የት መግባት? ማን ነው የሚገባው? የሐይቅ ጥልቀት የሚጠየቀው ለምንድነው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የክላውስ ዓሦች ጀርመን አገር ተራብተው፣ ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ ሄደው፣ «ናዝሬት» የምትለው ወረቀት ተከትላቸዋለች። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ክላውስን አንድ ጊዜ አግኝቶ ስሜን ወስዷል፤ የቀረውን ግን በራሱ ገምቷል። ለዓሣ አሳዳጊ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ሐይቅ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ይህንን ለጓድ ቱሉ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ አማቴ እርቅ ስነግራቸው ቅንድባቸው ተነሣ። ስለ አመድማዎቹ ሴቶች ስነግራቸው ጭራሽ ተቆጡ። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳና ዘነበች ገባች። ነገሩ የሐይቅ ደብዳቤ መሆኑን ከጥበቃው ሰምታ ኖሯል፤ ብርድ ልብሱን ትታ በሁለት እጇ የማርማላታ ጠርሙስ ይዛለች። ጠርሙሱ ውስጥ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ አንድ ሰማያዊና ብጫ ወንድ ዓሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ተጠርጣሪው ይኸው» ብላ ደብዳቤው ላይ አስቀመጠችው።

ጓድ ቱሉ አጎንብሰው አዩት። ዓሣውም በጠርሙሱ ውስጥ ተንጠራርቶ ፎከረባቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ለውጥ መቼም አልረሳውም። ሰውየው የዝዋይ ዳር ልጅ ኖረዋል።

«ቁርጡሚ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ዓሣ ማለታቸው ነው። «እንዲህ ያለ ቀለም ዝዋይም አላየሁ። የት ተወለደ ነው የምትሉኝ?»

«እዚሁ፣ እርስዎ ቀበሌ ውስጥ» አለች ዘነበች።

ጓድ ቱሉ ሳቁ። ጥበቃውም ሳቀ። እኔ ግን ገና ለመሳቅ አልደፈርኩም፤ ሊቀመንበሩም ሳቃቸውን ሲጨርሱ ራሳቸውን ያዙ። «እኔስ አመንኩ። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ ግን ‹የሐይቁ ሁኔታ ተጣርቶ በጽሑፍ ይላክ› ነው የሚለው። ሐይቅ የለም ብዬ ብጽፍ፣ ፈረንጅ የሚያውቀውን ሐይቅ አንተ እንዴት አጣኸው ብለው እኔኑ ይጠሩኛል። አለ ብዬ ብጽፍ አሳዩን ይላሉ።»

ሦስታችንም ዓሣውን እያየን ስናስብ ቆየን። በመጨረሻ ጓድ ቱሉ እስክሪብቷቸውን አንስተው፣ በጥንቃቄ፣ ፊደሉን እያሳመሩ ጻፉ፤ «የተጠየቀው የናዝሬት ሐይቅ በአሁኑ ሰዓት ውኃ የሌለው መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።» ምስክር ያስፈልጋል ብለው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። አነበብኩት። አንዲት የሐሰት ቃል የለችበትም። በባዮሎጂ አስተማሪነቴ ፈረምኩ።

መልሱ በወሩ መጣ። ባለ ማኅተም ነው፣ አጭር ነው፣ ጓድ ቱሉ ራሳቸው ቤቴ ድረስ ይዘውልኝ መጥተው ቆመው አነበቡልኝ፤ «መግለጫው ደርሶናል። ውኃው ሲመለስ በአስቸኳይ እንዲገለጽልን።»